ገበያውና ጎተራው
የቪዲዮ ሥራ በኢንተርኔት የሚቀመጥበትን ቦታ ስለ መምረጥ
(በደብረ ብርሃን ለቪዲዮና ለፎቶግራፍ ባለሙያዎች የቀረበ ንግግር)



ከአንኮበር ወደ ምሥራቅ ቁልቁል የሚወርድ መንገደኛ አልዩ አምባን ያገኛል። አልዩ አምባ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከታጁራና ከሐረር የሚመጡ ሲራራ ነጋዴዎች ከደጋው ሰው ጋር የሚገናኙበት ስመ ጥር ገበያ ነበር። ጨውና ጨርቅ ከቆላ ይወጣል፤ የደጋውም ምርት ተጭኖ ይወርዳል። የደጋው ገበሬ ለሽያጭ የሚሆነውን ይዞ ይሂድ እንጂ ዘሩን በጎተራው ትቶት ነበር የሚወርደው። ገበያው የቱንም ያህል ቢደምቅ፣ ለከርሞ የሚዘራውን እህል በሰው ድንኳን አሳድሮ ባዶ እጁን ወደ ቤቱ የሚመለስ አስተዋይ ገበሬ አልነበረም።

በዛሬው ጊዜ በሰሜን ሸዋ ቪዲዮ የሚሠራ ባለሙያ ግን ይህን የአያቶቹን ጥንቃቄ አንዳንድ ጊዜ ሲዘነጋ ይታያል። የአንድ አረጋዊ የቅኔ መምህር ቃል ይቀረጻል፤ የመንዝ ሴቶች የበግ ጠጉር ሲፈትሉ ይቀረጻል፤ በጓሳ ገደል ላይ የጭላዳ መንጋ ሲሰማራ ይቀረጻል። ሥራው ተቀናብሮ ሲያልቅ በአንድ የኢንተርኔት ገጽ ላይ ይጫናል። ከዚያም በኮምፒዩተሩ ውስጥ ቦታ እንዲገኝ ዋናው ፋይል ይሰረዛል። «ሥራው ኢንተርኔት ላይ አለ» ይባላል። በዚህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ውስጥ ገበያና ጎተራ ተደባልቀዋል። የዚህ ንግግር ዓላማም ሁለቱን መለየት፣ ገበያው በምን ሚዛን እንደሚመረጥ ማሳየት፣ ጎተራውም በማን እጅ መቆየት እንዳለበት ማስገንዘብ ነው።

፩. ገበያዎቹና ጠባያቸው

የቪዲዮ ገበያዎች ዕድሜ ረጅም አይደለም። ቪሜዮ እ.ኤ.አ. በ2004፣ ዩቲዩብና የፈረንሳዩ ዴይሊሞሽን በ2005 ተቋቋሙ። ዩቲዩብ በተመሠረተ በዓመቱ፣ በ2006፣ ጉግል በ1.65 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። ከዚያ ወዲህ ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ተጨምረዋል። ሁሉም ቪዲዮ ያሳያሉ፤ ነገር ግን አንዱ ከሌላው የሚለየው ወጪውን ማን ይከፍላል በሚለው ጥያቄ ነው።

በዩቲዩብ ዘንድ ዋነኛው ከፋይ ማስታወቂያ አስነጋሪው ነው። ስለሆነም ባለሙያው ያለ ክፍያ ይጭናል፤ ተመልካቹም ያለ ክፍያ ያያል፤ ገጹ ግን ተመልካቹን ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው እየመራ በማስታወቂያ ፊት ማቆየት ይፈልጋል። የአንኮበርን ታሪክ የሚተርክ ጸጥ ያለ ፊልም ሲያልቅ፣ ከጎኑ ምን ሊታይ እንደሚችል የፊልሙ ባለቤት አይወስንም። በቪሜዮ ዘንድ ግን ዋናው ከፋይ ራሱ ባለሙያው ነው፤ በዚህም የተነሣ በሥራው ዙሪያ ማስታወቂያ አይተከልም፤ ሥራውን በይለፍ ቃል መቆለፍ፣ ስሕተት ሲገኝም አድራሻውን ሳይለውጡ የታረመውን ፋይል መተካት ይቻላል። በአንጻሩ በቪሜዮ በኩል የሚያልፍ የመንደር ሰው ጥቂት ነው። ቴሌግራም ደግሞ በአገራችን እንደ መንገድ ዳር ገበያ ሆኗል፤ እስከ 2 ጊጋባይት የሚደርስ ፋይል ሳይከፈልበት ይላካል፤ ተቀባዩም አንድ ጊዜ አውርዶ ደጋግሞ ያየዋል። ሆኖም አንድ ጊዜ የወረደ ፋይል ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የሠሪው ስም በመንገድ ይወድቃል።

እንግዲህ «የትኛው ይበልጣል?» ተብሎ ቢጠየቅ መልስ የለውም። «ለማን?» ተብሎ ሲጠየቅ ግን መልሱ ራሱ ይመጣል። ለብዙኃን የተዘጋጀ የቅርስ ፊልም ብዙኃኑ ባለበት መታየት አለበት። ለፊልም ፌስቲቫል ዳኞች የሚላክ ሥራ ግን ቁልፍ ያለው ቤት ያስፈልገዋል፤ ምክንያቱም ብዙ ፌስቲቫሎች አስቀድሞ ለሕዝብ የታየን ፊልም አይቀበሉም። የሠርግ ቪዲዮ የሙሽሮቹ እንጂ የአላፊ አግዳሚው አይደለም። ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የተዘጋጀ ትምህርትም በማስታወቂያ የማይቋረጥበትን ቦታ ይሻል።

፪. የመጫኛና የመመልከቻ ዋጋ

በሩቅ አገር የተጻፉ ምክሮች ብዙውን ጊዜ የሚዘነጉት ነገር የኢንተርኔቱ መስመር ስፋትና የዳታው ዋጋ ነው። ሂሳቡ ቀላል ነው። በሴኮንድ 8 ሜጋቢት ጥራት የተቀናበረ የአንድ ሰዓት ፊልም 3.6 ጊጋባይት ይመዝናል። የመጫኛው መስመር በሴኮንድ 1 ሜጋቢት ብቻ ከሆነ፣ ያ ፊልም ሳይቋረጥ ቢጫን እንኳ 8 ሰዓት ይፈጃል። በመካከሉ መብራት ቢጠፋና ገጹ ካቋረጠበት የማይቀጥል ቢሆን ድካሙ ሁሉ ከዜሮ ይጀመራል። ስለዚህ ለደብረ ብርሃን ባለሙያ፣ የተቋረጠ ጭነት ካቆመበት መቀጠሉ ከብዙ ጌጠኛ አገልግሎት ይልቅ ሊመዘን የሚገባው ጠባይ ነው።

የተመልካቹም ወጪ እንዲሁ ይሰላል። ሃያ ደቂቃ የሚፈጅ ፊልም በሴኮንድ 1 ሜጋቢት ሲታይ 150 ሜጋባይት ይበላል፤ በ8 ሜጋቢት ቢታይ 1.2 ጊጋባይት ይሆናል። በአንኮበር ገጠር በስልኩ የሚመለከት ወጣት ይህን ልዩነት ከኪሱ ይከፍለዋል። ከዚህ የተነሣ፣ ተመልካቹ የመስመሩን አቅም አይቶ የምስሉን ጥራት ዝቅ ለማድረግ የሚችልበት ገጽ ሊመረጥ ይገባል። የራሱን ድረ ገጽ ከፍቶ ከባድ ፋይል በቀጥታ የሚያስቀምጥ ሰው ይህን አገልግሎት ያጣል፤ ሥራው የራሱ ነው፤ ነገር ግን ከአዲስ አበባ ወዲህ የሚያየው አይገኝም።

፫. ገቢና መብት

ብዙዎች ወደ ዩቲዩብ የሚሄዱት ገቢ አገኛለሁ በሚል ተስፋ ነው። ተስፋው መሠረት አለው፤ ዝርዝሩ ግን ይታወቅ። ከማስታወቂያ ገቢ ለመካፈል ቢያንስ 1,000 ተከታዮችና፣ ረጃጅም ሥራዎችን በሚመለከት፣ በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ 4,000 የመታያ ሰዓት ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ በረጃጅም ሥራዎች ላይ ከሚታየው ማስታወቂያ 55 በመቶው ለሠሪው ይሰጣል። መርሐ ግብሩ የሚሠራው በዝርዝር በተፈቀዱ አገሮች ስለሆነ፣ ባለሙያው በውጭ አገር በሚኖር ዘመድ ስም ለማስመዝገብ ከመቸኮሉ በፊት ዝርዝሩን መመልከት ይኖርበታል። በዘመድ ስም የተመዘገበ ቻናል በሕግ ፊት የዘመድ ነው። ዘመዱ ታማኝ ቢሆንም እንኳ ሞት፣ ፍቺና ክርክር አሉ፤ አደራ ያለ ጽሑፍ የሚጸናው ተቀባዩ በሕይወት እስካለ ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2021 ጀምሮ ደግሞ፣ በአሜሪካ የሚኖሩ ተመልካቾች ከሚያስገኙት ገቢ ላይ የአሜሪካ ግብር ይቀነሳል። ከአሜሪካ ጋር የግብር ስምምነት የሌላት አገር ነዋሪ እስከ 30 በመቶ ይቆረጥበታል፤ ኢትዮጵያም እንዲህ ያለ ስምምነት የላትም። የሰሜን ሸዋን ሥራ በናፍቆት ከሚያዩት መካከል በዋሽንግተንና በአካባቢዋ የሚኖሩ ወገኖች ጥቂት ባለመሆናቸው፣ ይህ ቅናሽ በሂሳቡ ውስጥ ይግባ።

መብትን በሚመለከት፣ የአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኦዲዮቪዥዋል ሥራዎችን ይጠብቃል። በዩቲዩብ የሚጭንም ሰው ባለቤትነቱን አያጣም፤ ሆኖም ገጹ ሥራውን ያለ ክፍያ እንዲያሳይና እንዲያባዛ በዓለም ዙሪያ የሚሠራ ፈቃድ ይሰጠዋል። ይኸው ሚዛን በባለሙያውም ላይ ይሠራል። የድምፃዊን ዘፈን ሳያስፈቅድ ከፊልሙ ሥር ያስገባ ሰው፣ ከ2007 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የዩቲዩብ የድምፅና የምስል መለያ ሊያገኘው ይችላል፤ የፊልሙ ገቢም ወደ ዘፈኑ ባለቤት ሊሄድ ይችላል። በዘጠና ቀን ውስጥ ሦስት የመብት ጥሰት ማስጠንቀቂያ የደረሰበት ቻናል ደግሞ ከነሙሉ ሥራዎቹ ይዘጋል። ሌላ ጎተራ ለሌለው ሰው ይህ የአሥር ዓመት ልፋት በአንድ ቀን መጥፋት ማለት ነው።

ገበያው አልቀበል ሲል የራስን ገበያ ማቆም እንደሚቻልም የአገራችን ሰው አሳይቷል። ኃይሌ ገሪማ «ሳንኮፋ» የተባለውን ፊልም እ.ኤ.አ. በ1993 ሲያወጣ የአሜሪካ አከፋፋዮች ፊት ነሡት። እርሱም ሲኒማ ቤት እየተከራየ፣ ከየከተማው ማኅበረሰብ ጋር እየተባበረ ፊልሙን ራሱ አሳየ፤ በዋሽንግተንም በዚያው ስም የመጻሕፍትና የቪዲዮ መደብር ከፈተ። ፊልሙ ታድሶ በ2021 በኔትፍሊክስ በኩል ወደ ዓለም ሲወጣ፣ ትልቁ ገበያ በሩን የከፈተለት ሥራው ከባለቤቱ እጅ ሳይወጣ ሃያ ስምንት ዓመት ከቆየ በኋላ ነበር።

፬. የሚቀረጸው ሰው

የገበያ ምርጫ የሠሪውና የተመልካቹ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ በመካከላቸው ፊቱ የሚታየው ሰው አለ። ደብረ ብርሃን ባለፉት ዓመታት ቀዬአቸውን ጥለው የመጡ እጅግ ብዙ ወገኖች የተጠለሉባት ከተማ ናት። የእነርሱ ቃል መቀረጹ ለታሪክም ለፍትሕም ይጠቅማል። ነገር ግን አንዲት እናት ለአንድ ካሜራ የተናገረችው ቃል ከነፊቷ፣ ከነስሟና ከነመንደሯ በአደባባይ ሲጫን፣ በዚያ መንደር የቀረ ዘመዷ ምን ሊደርስበት እንደሚችል አስቀድሞ መታሰብ አለበት።

እዚህ ላይ የቃላት ልዩነት ይስተዋል። በዩቲዩብ «ያልተዘረዘረ» የሚባለው አቀማመጥ የተቆለፈ አይደለም፤ ሊንኩን ያገኘ ሁሉ ያያል፤ ለሌላም ያቀብላል። «የግል» የሚባለው ባለቤቱ በስም ለፈቀደላቸው ብቻ ይከፈታል። በቪሜዮ ያለው የይለፍ ቃልም ቃሉ እስካልተዛመተ ድረስ ይጠብቃል። ሆኖም በስክሪን ላይ የታየ ነገር ሁሉ በሌላ ስልክ ሊቀረጽ ስለሚችል፣ ሕይወትን አደጋ ላይ የሚጥል ቃል የሚገባው ቦታ የትኛውም ገበያ አይደለም። ቦታው ጎተራው ነው፤ የሚወጣበትም ጊዜ ተናጋሪዋ ስትፈቅድ ነው። የሰው ፈቃድ ሲጠየቅም «ልቅረጽሽ ወይ?» ማለት አይበቃም፤ የት እንደሚታይ፣ ማን እንደሚያየውና ከወጣ በኋላ መመለስ እንደማይቻል መንገር ያስፈልጋል።

፭. ገበያ ሲፈታ፣ መንገድ ሲዘጋ

አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መናገሻ ነበረች። መናገሻው ወደ እንጦጦ ከተዛወረና በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከተቆረቆረች በኋላ፣ ባለሟሉም ነጋዴውም ወደዚያው አቀና፤ አንኮበርም ጸጥ ያለች የተራራ ከተማ ሆና ቀረች። መናገሻ ሲለወጥ ገበያ ይከተላል። የኢንተርኔት ገበያ ደግሞ ከዚህ በፈጠነ ሁኔታ ይፈታል። ጉግል ራሱ የነበረውን «ጉግል ቪዲዮ» የተባለ ገጽ በ2009 አዲስ ጭነት እንዳይቀበል አደረገ፤ በ2012 ፈጽሞ ዘጋው። ብሊፕ የተባለው የተከታታይ ፊልሞች ገጽ በ2015 ተዘጋ። ቫይን በ2017 መጀመሪያ፣ ቪድሚ በዚያው ዓመት መጨረሻ ቆሙ። ማይስፔስ በ2019 እንዳስታወቀው፣ ፋይሎች ወደ ሌላ ኮምፒዩተር ሲዛወሩ ከ2015 በፊት የተጫኑ ሙዚቃዎችና ቪዲዮዎች ጠፍተዋል። ለትርፍ ያልቆመውና በ1996 የተመሠረተው የኢንተርኔት አርካይቭ እንኳ በጥቅምት 2024 በደረሰበት ጥቃት ለጊዜው አገልግሎቱ ተቋርጦ ነበር። ነጻ ቦታ ሲገኝ ደስ ብሎት ብቻ የሚጭን ሰው «የጨው ተራራ ሲናድ ሞኝ ይልሳል፣ ብልህ ያለቅሳል» የተባለውን ያስታውሳል።

ገበያው ሳይፈታም መንገዱ ሊዘጋ ይችላል። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንታት ያህል ተቋርጦ ነበር። ከየካቲት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ለአምስት ወራት ያህል በቀጥታ እንዳይከፈቱ ተደርገዋል። ከዚያው ዓመት ሐምሌ መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ቆየ። በእነዚያ ወራት ሥራውን በሩቅ ገበያ ብቻ ያስቀመጠ ባለሙያ በገዛ ሥራው ፊት እንደ እንግዳ ቆመ። ፊልሙ በለንደን ይታያል፤ በደብረ ብርሃን ለደንበኛው ለማሳየት ግን ሠሪው ራሱ ወደ አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር መጓዝ ግድ ይለዋል።

፮. ጎተራው

ይህ ሁሉ ከተባለ በኋላ ጎተራው ምን እንደሚመስል ማየት ተገቢ ነው። ለዚህም ከአገራችን የተሻለ ምሳሌ መፈለግ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1973 የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ተጀመረ። ከሸዋ አብያተ ክርስቲያናትና ገዳማት ጭምር የተሰበሰቡ መጻሕፍት አዲስ አበባ ላይ ተነሡ። መጻሕፍቱ ወደየዕቃ ቤታቸው ሲመለሱ የማይክሮፊልሙ አንድ ቅጂ በአዲስ አበባ ቀረ፤ ሌላው በአሜሪካ ሚኔሶታ በኮሌጅቪል ተቀመጠ። በሚቀጥለው ዓመት አብዮት ፈነዳ፤ ከዚያም ጦርነት ተከተለ። ሥራው ግን እስከ 1990ዎቹ ድረስ ቀጠለ፤ ከ9,000 የማያንሱ መጻሕፍትም ተነሡ። በኮሌጅቪል ተቀምጠው ለብዙ ዓመታት ዝርዝራቸውን ካዘጋጁት ሊቃውንት ዋነኛው፣ በሸዋ በሸንኮራ የተወለዱት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ነበሩ። ዛሬ እነዚያ ምስሎች በኢንተርኔት ይታያሉ። ይሁን እንጂ ኢንተርኔቱ የመጣው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው፤ ሥራውን ለዚያ ቀን ያደረሱት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ ዋናው በባለቤቱ ቤት መቅረቱ፣ ቅጂው በሁለት የተራራቁ ቦታዎች መቀመጡና የእያንዳንዱ ማንነት በዝርዝር መጻፉ።

የቪዲዮ ባለሙያውም ጎተራ በእነዚሁ ሦስት ነገሮች ይቆማል። አንደኛ፣ በከፍተኛ ጥራት የተቀናበረው ዋናው ፋይል በራሱ ሃርድ ዲስክ ይኑር፤ በገጾች ላይ የሚታየው ብዙውን ጊዜ ተጨምቆ ጥራቱ የቀነሰ ግልባጭ ነውና የዋናው ምትክ ሊሆን አይችልም። ሁለተኛ፣ ሌላ ቅጂ በሌላ ሃርድ ዲስክ፣ በሌላ ቤት፣ ቢቻል በሌላ ከተማ ይቀመጥ፤ እሳትና ሌባ ሁለት ከተማ ባንድ ሌሊት አይደርሱምና። ሃርድ ዲስክም እንደ ማንኛውም መሣሪያ ስለሚያረጅ በየዓመቱ ተከፍቶ ይታይ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ወደ አዲስ ይገልበጥ። ሦስተኛ፣ ከእያንዳንዱ ሥራ ጋር የተቀረጸበት ቀንና ቦታ፣ የተቀረጸው ሰው ማንነትና የሰጠው ፈቃድ፣ እንዲሁም ሥራው የተጫነባቸው ገጾች ስም የተጻፈበት ወረቀት አብሮ ይቀመጥ። ስም የሌለው ፋይል ከጠፋ ፋይል ብዙ አይሻልም።

ለብቻ የሚከብደውን በማኅበር ማቅለል ይቻላል። የመንዝ ሕዝብ የጓሳን ሣር በጋራ ሕግ እየጠበቀ፣ በተወሰነ ጊዜ ብቻ እየከፈተ ለዘመናት ያቆየው እያንዳንዱ ገበሬ ለብቻው ሊጠብቀው ስለማይችል ነው። ማኅበሩም አንድ የጋራ ማስቀመጫ ቢያቋቁም፣ አባላት የዋና ሥራዎቻቸውን ቅጂ በጽሑፍ አደራ ቢያስረክቡ፣ ማን ማየት እንደሚችልም ባለቤቱ ቢወስን፣ ወጪው ለአንድ ሰው ከአንድ ካሜራ ሌንስ ዋጋ የሚበልጥ አይሆንም።

የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛ ሻለቃ ሃሪስ እ.ኤ.አ. በ1841 ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሲመጣ፣ በርናትዝ የተባለ ጀርመናዊ ሠዓሊ አብሮት ነበር። ሠዓሊው የአንኮበርን ተራራና ሰዉን ሣለ፤ ሥዕሎቹም በ1852 በአውሮፓ ታተሙ። የዚያን ዘመን አንኮበር መልክ ማየት የሚሻ የአንኮበር ልጅ ዛሬም ፊቱን ወደ አውሮፓ ቤተ መጻሕፍት ይመልሳል። ያን ጊዜ ሣዩ እንግዳ ነበር፤ ቢወስደውም አይፈረድበትም። በአሁኑ ዘመን ግን ካሜራውን የያዘው የአገሩ ልጅ ነው። ሥራውን ለዓለም ለማሳየት ዩቲዩብንም ቪሜዮንም ቴሌግራምንም እንደየተመልካቹ ይምረጥ፤ ገበያ ወጥቶ ያልታየ ሥራ ጥቅሙ ጥቂት ነውና። ከገበያ ሲመለስ ግን ዘሩን በጎተራው ያግኘው።